ወጣ ብሏል

የከተማችንን ስም አልጠራም። ብጠራላችሁም ካርታ ላይ አታገኙትም፤ ካርታ ሠሪያችን ወጣ ካለ ቆይቷል።

«ወጣ ብሏል» ማለት እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ የምተርከው ሁሉ ይምታታባችኋል። በእኛ ከተማ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እንደ ማንኛውም አገር ሰው ያለቅሳል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይጣላል። ከዚያ አንድ ቀን የመጽናናት ሹሙ ይመጣል። መሀል ቤት ይቆምና «በቃ» ይላል። ድንኳኑ ይነቀላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰውየው ሞተ አይባልም። ወጣ ብሏል ነው የሚባለው፤ ስኳር ሊገዛ ወደ ሱቅ ብቅ እንዳለ ሰው። የሚያውቀው ሰው መጥቶ «የት ነው?» ቢል «ወጣ ብሏል» ትሉታላችሁ፤ እሱም «ሲመለስ ሰላም በሉልኝ» ብሎ ይሄዳል። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ራሱ ወጣ ብሏል ይባላል። ሐሳቡ ግን ለደግ ነበር። ሰው በሐዘን እንዳይጎዳ ነው።

ወጣ ያለ ሰው ሲመለስ በር ተዘግቶ እንዳያገኝ ቤቶቻችን አይቆለፉም። አንድ ጊዜ አንድ ሌባ በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ ዕቃ ሲሰበስብ የቤቱ እመቤት ድንገት ደረሰችበት። ደንግጦ «መጣሁ» አላት። «እሰይ» ብላ ምሳ አቀረበችለት። ሌባው እስካሁን እዚያው ቤት ነው፤ ልጆቿንም ድሯል። ከንቲባችንም ወጣ ካሉ ሰንብተዋል። በራቸው ላይ የተሰለፈው ሕዝብ «አሁን ይመጣሉ» እየተባለ ይጠብቃል፤ ወረፋው ላይ ተዋውቀው የተጋቡ አሉ። ምክትላቸው ያለ እሳቸው ፈቃድ ምንም አይሠራም። ምንም ስለማይሠራም እስከዛሬ ከነበሩት ከንቲባዎች ሁሉ የተሻሉት እሳቸው ናቸው ይባላል።

ከ«በቃ» በኋላ «ሞተ» የሚለውን ቃል ያወጣ ሰው አይታሰርም፤ አይገረፍም። ሹሙ ጣቱን ይቀስርበትና «ወጣ ብሏል» ይላል። ይኸው ነው ቅጣቱ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው መንገድ ላይ ሲያልፍ አይታይም፤ ሰላም ሲል አይሰማም። ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ «ባሌ ወጣ ብሏል» ትላለች። እንዲህ የተደረጉ ሰዎች ግድግዳ ታክከው ሲሄዱ አይቻለሁ። ይቅርታ፣ አላየሁም።

እኔ ይስማው እባላለሁ፤ የከተማው ቲያትር አዳራሽ መጋረጃ ጎታች ነኝ። የምነግራችሁ ግን የይርገዱን ነገር ነው። በዓይኔ ያላየሁትን እሷና የወንድሟ ሚስት ትደነቅ አጫውተውኛል።

ይርገዱ ከወንድሟ ከጌጡ ጋር ነበር መድረክ የምትወጣው። እሱ ይጀምራል፣ እሷ ትጨርሳለች። እሱ ረጅምና ቀጫጫ፣ እሷ አጭርና ክብ። እሱ የማይረባ ነገር እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ በቁምነገር ይናገራል፤ እሷ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ሕዝቡ ወንበር ላይ በሳቅ ይንከባለላል። ሲያረጁም እንዲሁ የሚቀጥሉ ይመስለን ነበር።

ክረምት ሊገባ ሲል የአዳራሹ ጣሪያ ይንኳኳ ጀመር። ንፋስ ሲነፍስ የላላው ቆርቆሮ ይጮህና የጌጡን ንግግር ይውጠዋል። ጌጡ ደግሞ ቀልዱ ከሚዋጥበት ምሳውን ቢነጠቅ ይመርጣል። መዶሻ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። ይርገዱ ከታች ቆማ እያወሩ ሳለ እግሩ አዳለጠውና ወደቀ። ሐኪም ጋ አልደረሰም።

ድንኳን ተጣለ። ተለቀሰ። ከዚያ የመጽናናት ሹሙ አቶ ወልደየስ መጡ። ንጹሕ ነጭ መሐረብ ሁልጊዜ የሚይዙ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሰው ላይ ጮኸው የማያውቁ ሰው ናቸው። መሀል ቤት ቆመው «በቃ» አሉ። ትደነቅ ጥቁሯን አውልቃ ወደ ልብስ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ልብስ ሊያስለኩ የሚመጡ ደንበኞች «ጌጡ የት አለ?» ሲሏት «ወጣ ብሏል» እያለች ወገባቸውን ትለካለች።

ይርገዱም ወደ አዳራሹ ተመለሰች። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ «እስኪመጣ የድሮውን ሥሩ» አላት።

«ከማን ጋር?» ብትለው፣

«ከጌጡ ጋር ነዋ። የእሱን ቦታ ክፍት ተይለት» አላት።

እውነቴን ነው የምላችሁ፤ መጋረጃውን የጎተትኩት እኔ ነኝ። ይርገዱ መድረኩ ላይ ብቻዋን ቆመች። ጌጡ የሚናገርበት ቦታ ሲደርስ ዝም አለች። አዳራሹም ዝም አለ። ከዚያ ሕዝቡ ሳቀ። የጌጡን ንግግር ሁሉም በቃሉ ያውቀዋላ! ዝምታው ውስጥ እየሰማው፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷ የራሷን ተናገረች፤ እንደገና ዝም አለች፤ እንደገና ሳቁ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ «ዛሬስ ጌጡ በልጧታል!» ሲል ሰማሁት።

ይርገዱ ከመድረክ ወርዳ ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ ይስማው፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የማይሰማኝ?» አለችኝ። መጋረጃዬን አጠፍኩ።

የራሷን ቲያትር መሥራት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። የአንድ ሰው ቲያትር፣ ያውም የወደፊት ዘመን። ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንደመረጠች ስጠይቃት «እዚህ ምድር ላይ የሚባል ነገር አጣሁ» አለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ከአንድ ባልደረባዋ ጋር በሰማይ መርከብ ወደ ሩቅ ኮከብ ትጓዛለች። የመርከቡ ጣሪያ ላይ ያለ አንቴና ይበላሽና ባልደረባዋ ሊጠግን ይወጣል፤ አይመለስም። መርከቡን የሚነዳው «አስታዋሽ» የሚባል ማሽን ነው። አስታዋሽ ግን ሰውየው እንደቀረ አይቀበልም። «ወጣ ብሏል» ይላል። ጠዋት ጠዋት ይቀሰቅሰዋል፤ ባለመነሳቱ ይቆጣዋል፤ ጥርሱን አልቦረሸም ብሎ ለሴትየዋ ያሳብቅበታል። መርከቡ አዲስ ዓለም ላይ ያርፋል። የዚያ ዓለም ሰዎች ካልሲ ይመስላሉ። ሲያልቁ ሁሉም ባንድ ቀን፣ ባንድ ላይ ነው የሚያልቁት፤ ስለዚህ አንዱ ሄዶ ሌላው መቅረት የሚባል ነገር አያውቁም። ይርገዱ ሁሉንም ትጫወታለች፤ ሴትየዋን በገዛ ድምፅዋ፣ አስታዋሽን በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ እየተናገረች፣ ካልሲዎቹን በሁለት እጇ።

መርከቡን የተጣለ የውሃ ታንከር አምጥተን ሠራነው። ለራስ ቁር የብረት ድስት ተገኘ። የሰማይ ልብሱን ትደነቅ በማዳበሪያ ከረጢት ልትሰፋላት ተስማማች። ሁለቱ የሚኖሩት አንድ ቤት ነው። አንድ ቀን ልብሱን እላይዋ ላይ እየለካች ሳለ ትደነቅ ጠየቀቻት።

«መጨረሻው ምንድን ነው?»

ይርገዱ አላየቻትም። «ካልሲዎቹ ደጎች ናቸው። ወጣ ብሏል ስላቸው እንፈልገው ይላሉ። ሥራቸውን ሁሉ ትተው ይፈልጉታል። ድንጋይ እየገለበጡ፣ ጉድጓድ እየገቡ። በድካም ይዝላሉ። ልጆቻቸው ይራባሉ። ከዚያ ሽማግሌው መጥቶ እንቀጥል ወይ ይለኛል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አትፈልጉት እላለሁ።»

«ብቻ?»

ትደነቅ በጥርሷ የያዘችውን መርፌ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ያንን ቃል ልትዪው ነው። እሳቸው ፊት። ሕዝብ ፊት።»

«ካልሲዎቹ እስኪያልቁ ይፈልጉት?»

«ካልሲ ነው እኮ፣ ይርጌ! ካልሲ! እኔስ? እሱ ወጣ ብሏል። አንቺም ወጣ ካልሽ እኔ ከማን ጋር ነው የማወራው? ከስፌት መኪናዬ ጋር?»

«አንቺ ወጣ ብሏል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«ስለማመን ማን አወራ! አፌን አስለምጄዋለሁ። አንቺም አስለምጂው።»

ከዚያ መርፌዋን አንስታ መስፋቷን ቀጠለች። ግን ክሩን እየሳበች እየሳበች ስትሰፋው ልብሱ ጠበበ። ይርገዱ ያንን ልብስ ለብሳ ሙሉ ትንፋሽ ወስዳ አታውቅም።

ልምምዱን አቶ ወልደየስ መጥተው አዩት። ያለ እሳቸው ፈቃድ መጋረጃ አይከፈትም። ይርገዱ የመጨረሻውን ቦታ ሳታሳይ ዘለለችው። ሹሙ በጣም ወደዱት። በተለይ አስታዋሽን።

«ይህ ማሽን ጨዋ ቤት ያደገ ነው» አሉ መሐረባቸውን እያጣጠፉ። «ቃሉን አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቢኖረን ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር። መጨረሻው ግን ጎድሎታል፣ ልጄ።»

«ምን ጎደለው፣ ክቡር ሹም?»

«ሰውየው ይመለስ እንጂ! ሽማግሌው እንቀጥል ወይ ሲልሽ በሩ ይንኳኳ። ሕዝቡ ይደሰታል። ወጣ ያለ ሰው እንደሚመለስ ያያል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ከመጋረጃው ኋላ ዱላ ይዘህ ትቆማለህ። እኔ ሳስል ታንኳኳለህ።»

«እሺ፣ ክቡር ሹም» አልኩ። ይርገዱም «እሺ» አለች። ምን ትላለች?

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለይርገዱ ክፉ ነበር። ቃሉን ለመለማመድ ታንከሩ ውስጥ ትገባና ክዳኑን ትዘጋለች። «ሞ» ትላለች። ታንከሩ «ሞ… ሞ…» ብሎ ሲመልስላት ሰው የሰማት እየመሰላት ብቅ ብላ ግራ ቀኝ ታያለች። ቲማቲም የምትሸጥላት ሴትዮ «ይቅናሽ» ስትላት ትንሽ አትኩራ ያየቻት መሰላትና ቲማቲሙን ትታ ሄደች። አስታዋሽ በገዛ ጭንቅላቷ ውስጥ ያወራ ጀመር። ለምን ትለፊያለሽ፣ ይላታል። ወጣ ብሏል በይና ረፍት አድርጊ።

ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ከሰዓት በኋላ የሆነው ነው። ልጅ ሳለች ፊደል ያስቆጠሯት አስተማሪ ነበሩ፤ ስለ ልጃቸው ያንን ቃል በመናገራቸው ወጣ ብለዋል ከተባሉ ዓመታት አልፈዋል። በጠባብ መንገድ ፊት ለፊት ተገናኙ። ሽማግሌው ቀና አሉ። ይርገዱ፣ ያቺው ለእውነት ቆሜያለሁ የምትለው ይርገዱ፣ ሳታስበው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንገቷ ራሱ አወቀበት። አስተማሪው ጥግ ይዘው አለፉ። እኔንም እንዲህ ነው የሚያደርጉኝ፣ አለች በሆዷ፤ ክፋት ሳይኖራቸው፣ አንገታቸው ብቻ እየዞረ።

ቲያትሩ የሚከፈትበት ቀን አዳራሹ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። ሹሙ ከነሠራተኞቻቸው ፊት ተቀመጡ። ትደነቅ አልመጣችም፤ ብዙ ሥራ አለብኝ ብላለች። ከመጋረጃው ኋላ ይርገዱ ድስቱን ደፍታ ቆማ ነበር፤ ትንፋሽዋ ድስቱ ውስጥ ሲመላለስ ይሰማኛል።

«ጋሼ ይስማው፣ ያንኳኳሉ?»

«ካሳሉ ምን አደርጋለሁ?»

«ገባኝ» አለች። «ይክፈቱ።»

ከፈትኩ።

እንዴት እንደተሳቀ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ይርገዱ በድስት፣ በከረጢት ልብስ፣ ከታንከር ውስጥ እየሾለከች ስትታይ ገና አዳራሹ ፈነዳ። አስታዋሽ በቆርቆሮ ቱቦው «ደህና አደራችሁ፤ የዛሬ ቁርስ ለሁለት ነው» አለ። ሴትየዋ «እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «ለሁለት ነው» አለ አስታዋሽ። «ያንዱን ቁርስ እየበላሽበት እንደሆነ ሲመጣ እነግረዋለሁ።» ሹሙ ሳይቀሩ በመሐረባቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ካልሲዎቹ ሲመጡ ደግሞ ሳቁ ባሰ። ትንሹ ካልሲ የሴትየዋን ፊት ዙሪያውን እየተመለከተ፣

«ዓይንሽ ያፈሳል» አላት።

«አዎ» አለች።

«ቧንቧ ሠራተኛ እንጥራ?»

«አይጠገንም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያፈሰው?»

«ባልደረባዬ ወጣ ካለ ጀምሮ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ወጣ ካለ ተፈልጎ ይመጣል!» አለ ትንሹ ካልሲ። ተሯሩጦም ሄዶ አገሩን ጠራ።

ከዚህ በኋላ ሳቁ ቀስ በቀስ ቀጠነ። ይርገዱ እጆቿን እያፈራረቀች ካልሲዎቹ ሲፈልጉ አሳየች። ከወንበር ሥር ፈለጉ። ከመድረክ ወርደው በተመልካቹ እግር መሀል ፈለጉ፤ የአንዷን ሴትዮ ቦርሳ ከፍተው አዩ፤ «እዚህም የለም» አሉ። አንዱ ካልሲ ደክሞት መድረኩ ጠርዝ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ሌላው የተራበ ልጁን እያባበለ «ትንሽ ቆይ፣ የእንግዳዋን ሰው ሳናገኝ አይበላም» አለው። ያን ጊዜ የሚስቅ ሰው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ካልሲ፣ ተረከዙ የተቀደደ ግራጫ ካልሲ ነበር፣ እየተጎተተ መጥቶ እግሯ ሥር ቆመ።

«ልጄ» አላት፤ «አላገኘነውም። ግን ወጣ ብሏል ካልሽ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። እንቀጥል ወይ?»

ይርገዱ አልመለሰችም። ሹሙ አሳሉ።

እጄ ዱላውን ይዞ ቀረ። እንደገና አሳሉ፤ ጠንከር አድርገው። አንኳኳሁ። ልበ ሙሉ ነኝ አላልኳችሁም፤ አንኳኳሁ።

አዳራሹ ባንድ ላይ ተነፈሰ። «መጣ!» ያለ ሰው ነበር። ይርገዱ ቀስ ብላ ወደ ታንከሩ በር ዞረች። «ማነው?» አለች። ድምፅዋ ተለወጠብኝ፤ የእውነት ነበር የምትጠይቀው። ሄዳ በሩን ከፈተችው።

ማንም አልነበረም። ሹሙ በሩ ይንኳኳ ብለው ሲያዙ የአንድ ሰው ቲያትር መሆኑን ረስተውት ነበር። የሚገባ ሰው አልተመደበም። ይርገዱ በተከፈተው በር የኋላውን ባዶ ግድግዳ አየች። ሕዝቡም አየ። ብዙ ቆየች እዚያ፤ አንድ ሰው ቢመጣ ብሎ በር ይዞ እንደሚቆም። ከዚያ በሩን መለስ አደረገችው። ተመልሳ መጥታ ሽማግሌው ካልሲ ፊት ተንበረከከች። ድስቱን አወለቀች።

«አትፈልጉት፣ አባቴ» አለች። «ልጆቻችሁን አብሉ። ወንድሜ ሞቷል።»

ባልደረባዬ ነበር ማለት የነበረባት። ወንድሜ አለች።

ሽማግሌው ካልሲ ጥቂት አሰበ። «ሞቷል የሚባለው አገር ሩቅ ነው?» አላት።

«እኔ አላውቅም» አለች ይርገዱ። «ከዚያ የመጣ የለም።»

አቶ ወልደየስ ተነሡ። አልጮኹም። ጣታቸውን ቀስረው በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው «ወጣ ብላለች» አሉ። የአዳራሹ ሰው ዓይን ሁሉ ባንድ ጊዜ ከእሷ ላይ ተነሣ። ሰው ልብሱን አራግፎ፣ ሳይተያይ ወጣ።

በማግሥቱ ይርገዱ በተለመደው ሰዓት ወደ አዳራሹ መጣች። የት ትሂድ? ማንም ያላያት፣ ማንም ያልመለሰላት ሴት ድስቷን ደፍታ ከታንከሩ አጠገብ ቆመች። እኔም መጋረጃው እንዳይከፈት ያዘዘኝ ስላልነበረ ከፈትኩት። አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተበታትነው ተቀምጠዋል። ዘበኛው ገብቶ «ምን ትጠብቃላችሁ? ዛሬ ምንም የለም» አላቸው።

«እናውቃለን» አለ አንዱ። «ምንም ስለሌለ ነው የመጣነው።»

በሚቀጥለው ቀን በዙ። ከዚያ ወንበር ጠፋ። ከሩቅ ቀበሌ ሁሉ እየመጡ፣ ምንም በሌለበት አዳራሽ ተቀምጠው፣ የሌለች ሴት የማትጫወተውን ቲያትር ያዩ ነበር። ይስቁ ነበር፤ ካልሲዎቹ መፈለግ ሲጀምሩ ያለቅሱ ነበር። ዘበኛው ለምን ታለቅሳላችሁ ሲላቸው አቧራ ነው ይሉታል። አቶ ወልደየስ ሰምተው መጡ። ሊያስቆሟት መድረኩ ድረስ ወጡ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ የሚያናግሩት ሰው እንደሌለ ትዝ አላቸው። ገዝቶት የማያውቀውን ዕቃ እንደሚመልስ ሰው ግራ ገብቷቸው ቆዩ። ወደ እኔ መጡ።

«መጋረጃው ለምን ተከፈተ?»

«ለአየር ነው፣ ክቡር ሹም።»

መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉና ሄዱ።

ይህ ለከተማው ጥሩ ነበር። ለይርገዱ ግን ከመድረክ ስትወርድ የሚጠብቃት ቤት ያው ነበር። ትደነቅ ሕጉን ጠብቃለች። አጠገቧ ስታልፍ ዓይኗን ከስፌቱ አታነሣም። ይርገዱ ታወራታለች፤ ትደነቅ የስፌት መኪናውን ፔዳል ጠንከር አድርጋ ትረግጣለች።

አንድ ሳልነግራችሁ የቀረሁት ልማድ አለ። ወጣ ላለ ሰው ማዕድ ሲቀርብ ሳህን ይቀርብለታል። ማታ ያልተበላው ለውሻ ይደፋል፤ ከሰው ይልቅ የከተማችን ውሾች ይወፍራሉ። ትደነቅም ምሳ ስታቀርብ ለጌጡ ታቀርባለች፤ አሁን ለይርገዱም ታቀርባለች። ቀና ሳትል አቅርባ ወደ ጓዳ ትገባለች። ስትመለስ የይርገዱ ሳህን ተጠርጓል፤ የጌጡ እንዳለ ነው። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ፤ በሚቀጥለውም።

አንድ ከሰዓት ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድብ ትደነቅ ሳህኖቹን ልታነሣ መጣች። ባዶውን አነሣች። ሙሉውን አነሣች። ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ እንደቆመች ቀረች።

«ይርጌ» አለች።

ይርገዱ መጀመሪያ የሰማች አልመሰላትም። ስሟ ሲጠራ ከሰማች ብዙ ቆይታለች።

«ሁለታችሁም ወጣ ብላችኋል» አለች ትደነቅ ሳህኖቹን እያየች። «አንቺ ትበያለሽ። እሱ አንድ ቀን እንኳን አልበላም።» ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ሞቷል እኮ፣ ይርጌ። ባሌ ሞቷል።»

ይርገዱ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ትደነቅ፣

«አጠገቡ ነበርሽ። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም መጠየቅ አልቻልኩም። ሲወድቅ ምን ይል ነበር?» አለች።

«ቀልድ ነበር የሚነግረኝ። አዲስ ቀልድ፣ ከላይ ሆኖ እየጮኸ።»

«የቱን?»

«አንድ ሰው ጥርሱን አሞት ነቃይ ዘንድ ሄደ። ነቃዩ አንዱን መዝዞ አወጣ። ሰውየው ‹ይሄ አይደለም› አለ። ሌላ አወጣ። ‹ይሄም አይደለም።› ሌላ አወጣ። ሰውየው ደም እየተፋ፣ ‹ኧረ ምን እያደረግህ ነው?› ብሎ ጮኸ። ነቃዩም…» ይርገዱ አቆመች። «እዚህ ላይ ነው። መጨረሻውን አልሰማሁትም። ስንት መጨረሻ ሠራሁለት መሰለሽ። አንዱም የእሱ አይመስልም።»

ትደነቅ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት አየቻት።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «የዚያን ዕለት ጠዋት እኔ ላይ ሞክሮት ነበር። ለደንበኛ ልብስ ለማድረስ ቸኩዬ ነበር፤ አልሳቅኩለትም።»

«ምን አለ ነቃዩ?»

«‹አይዞህ› አለው። ‹እየተጠጋን ነው።›»

ይርገዱ እንደ ባለሙያ አሰበችበት። «ብዙም አያስቅ» አለች።

«አያስቅም» አለች ትደነቅ። «እሱ ሲለው ግን ያስቅ ነበር።»

«ነበር» አለች ይርገዱ።

ቃሉ በሁለቱም አፍ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ትደነቅ ነበረች መጀመሪያ የሳቀችው። ይርገዱ ተከተለቻት። ሲስቁ ዝናቡ አባራ፤ ሲያለቅሱ ደግሞ ጀመረ።